የሦስተኛ ቀን የአራስ ጉብኝት፦ ግማሽ ሰዓት ብቻ ካለ ከምን ይጀመራል? (ጣና ዳር)

ጠያቂ፦ ሐይቅ_ዳር_ኤክስቴንሽን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ከዘጌ አካባቢና ከዚያ ወዲያ ባሉ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የአራስ ቤት ጉብኝት ለሚሠሩ ሁሉ ነው። እናቶች ጤና ጣቢያ ይወልዳሉ፤ 24 ሰዓት ሳይሞላቸው ግን ወደ ቤት ይገባሉ። ጀልባው እንዳያመልጥ ወይም ባጃጁ እንዳይመለስ እየተባለ በስድስተኛው ሰዓት የሚወጡም አሉ። ከዚያ በኋላ ባለሙያ የሚያያቸው በሦስተኛው ቀን ነው።

መርሐ ግብሩ ይታወቃል፦ የመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ሦስተኛ ቀን፣ ሰባተኛ ቀን፣ ስድስተኛ ሳምንት። ቅጹም አለ። የሚቸግረው ቅጹ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ሆኖ መደርደሩ ነው። የክትባት ካርድ መኖሩን መጠየቅና የጨቅላውን ትንፋሽ መቁጠር አንድ መስመር ላይ ናቸው። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶት፣ ገንፎ ቀርቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አራሷ መጋረጃ ውስጥ ሆና ግማሽ ሰዓት ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ፦

ቅድሚያ የሚታየው ማን ነው፣ እናቷ ወይስ ልጁ? በየትኛው ቅደም ተከተል? ከመሸ ጀልባ ስለሌለ «እስከ ነገ ይታይ» የማይባልባቸው ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? አራስ ክፍሉ ጨለማ ሆኖ ከሰል ሲነድበት ምን ይደረግ? እትብት ላይ ቅቤ ተቀብቶ ሲገኝስ?

---

ጊዮን_አዋላጅ

እኅቴ፣ ቅጹን ከቤት ስትወጪ ትሞዪዋለሽ። ቤቱ ውስጥ ግን በዚህ ቀን እናቲቱን ምን ሊገድላት እንደሚችል እያሰብሽ ሂጂ። ሦስት ነገር ነው፦ ደም፣ ግፊትና ኢንፌክሽን። ሦስቱንም በአሥር ደቂቃ ማየት ይቻላል።

ግፊቱን ላስቀድም፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ስለሆነ። «ስትወልድ ግፊቷ ደህና ነበር» የሚለው ወረቀት አያዘናጋሽ። ከወሊድ በኋላ ግፊት ዳግም የሚወጣው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም ልክ አንቺ በምትሄጂበት ሰሞን። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ያልነበረባትም ልትያዝ ትችላለች። ቤተሰቡ ራስ ምታቷን «ምች ነው» ወይም «ብርድ መታት» ይለዋል፣ ብትንቀጠቀጥ ደግሞ ጠበል ይታሰባል። ስለዚህ «ራስሽን ያምሻል?» ብለሽ አትለፊ። «ዓይንሽን ብዥ ይልሻል? ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ታያለሽ? ከጎድንሽ ሥር፣ ከላይ ሆድሽን ያምሻል?» ብለሽ ጠይቂ። አረፍ ብላ፣ ክንዷ በልብ ትክክል ተደግፎ ለኪ። 160/110 ከሆነ ምልክት ባይኖርም በዚያው ሰዓት ትላካለች። 140/90 ሆኖ ከላይ ከተጠየቁት አንዱ ካለም እንዲሁ። 140/90 ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትታይ።

ደሙን በተመለከተ «ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምም፤ ሁሉም «ደህና ነው» ይልሻል። በቀን ስንት ሞዴስ ወይም ጨርቅ እንደቀየረች ጠይቂና የመጨረሻውን አሳዪኝ በያት። በሦስተኛው ቀን ደሙ ከትናንቱ ያነሰ መሆን አለበት። ቀይ ሆኖ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ቡናማ፣ በኋላም ወደ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይሄዳል፤ በጠቅላላው እስከ ስድስት ሳምንት። ቀንሶ የነበረው ዳግም ከጨመረ፣ በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ ከራሰ፣ ወይም እንቁላል የሚያክል የረጋ ደም ከወረደ ማኅፀን ውስጥ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቷል ወይም ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሆዷን ስትነኪ መጀመሪያ ሽንቷን ትሽና። ማኅፀን በወለደች ዕለት እምብርት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በቀን በግምት አንድ ጣት ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ከእምብርት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ኳስ ጠጠር ማለት አለበት። እምብርት ላይ እንዳለ ካገኘሽውና ለስላሳ ከሆነ ሽንት ፊኛዋ ሞልቷል ወይም ውስጥ የቀረ ነገር አለ። ሸንታም ካልወረደ ላኪያት። ደም እየፈሰሰ ከሆነ ማኅፀኑ እስኪጠጥር በእጅሽ እያሸሽ፣ ልጁን ጡት አስይዘሽ መጓጓዣ አስጠሪ።

ኢንፌክሽን፦ ብብቷ ላይ 38 እና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የሚከረፋ ፈሳሽ። የአራስ ደም የራሱ ሽታ አለው፤ እሱ ችግር አይደለም። የበሰበሰ ነገር ከሸተተሽ ግን ነው። ትኩሳቱን «ወተቷ ሲወርድ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ልማድ ነው። በወተት የተወጠረ ጡት መጠነኛ ሙቀት ሊያመጣ ይችላል፤ አንቺ ግን 38 ላይ ሆነሽ ምክንያት የምትመርጪበት ጊዜ የለሽም።

ስፌት ካላት በባትሪ ብርሃን እዪው። ከመጸዳጃ በኋላ ሁሉ ፈልቶ በበረደ ውኃ፣ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠብ። የሐይቁ ውኃ እንዳለ ለዚህ አይሆንም። ጭስና እንፋሎት ላይ መቀመጥ ስፌቱን ያላላል፣ ቆዳዋንም ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አራስ አልጋ ላይ ሳትንቀሳቀስ አሥር ቀን መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ሁለቱን ባት አስተያዪ፤ አንደኛው ካበጠና ሲጫኑት ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ይህም የማያሳድር ነው። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት «ብርድ» አያስገባም።

---

ጨቅላ_ክፍል_ነርስ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ከእናቷ ጋር ከመጀመርሽ በፊት አንድ ደቂቃ ለልጁ ስጪ፣ ምክንያቱም ትንፋሽ የሚቆጠረው ተኝቶ ወይም ጸጥ ብሎ ሳለ ነው። ከተነካና ካለቀሰ በኋላ ቁጥሩ አይታመንም። ሰዓት ይዘሽ ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሪ። 30 ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለጨቅላ አይሠራም፤ ጨቅላ አምስት አሥር ሴኮንድ ቆም ብሎ መቀጠሉ የተለመደ ነውና። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሚው። ሁለተኛውም 60 ከሞላ፣ ወይም የደረቱ የታችኛው ክፍል ክፉኛ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ፣ ወይም እያቃሰተ ከሆነ ይላካል።

ከዚያ መስኮቱን ክፈቺ። በጉብኝቱ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ ምርመራ የለም። ጨለማው አራስ ቤት የሚደብቀው ቢጫነትን ነው። ሕፃናት በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ቢጫ መሆን ይጀምራሉ፣ አራተኛ አምስተኛው ላይ ይበረታል። ያ ጊዜ ሁሉ መጋረጃ ውስጥ ያልፍና መጋረጃው ሲገለጥ ልጁ ጡት መጥባት አቁሞ ይገኛል። በቀን ብርሃን ግንባሩን ወይም አፍንጫውን በጣት ጫን አድርገሽ ልቀቂ፤ ከሥር የሚታየውን ቀለም እዪ። ከዚያ ደረቱን፣ ሆዱን፣ እግሩን፣ በመጨረሻ መዳፉንና የውስጥ እግሩን። ጠይም ለሆነ ልጅ ድዱ ይረዳል። መዳፍና የውስጥ እግር ከደረሰ፣ ወይም በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የታየ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በቫክዩም ተስቦ ጭንቅላቱ ላይ እብጠት ያለበት፣ የእናቱ የደም ዓይነት ኦ ወይም አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ ልጅ ላይ ዓይንሽ ይበርታ። መጠኑ ሲያልፍ አንጎል ይጎዳል፤ መስማትንም ሊያሳጣ ይችላል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።

የወፍ በሽታውና እንገሩ እንደሚገናኙ ለአያቶቹ ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል። የልጁ የመጀመሪያ ጥቁር ካካ ቢጫ የሚያደርገውን ነገር ተሸክሞ የሚወጣ ነው። እንገር ሆድ ያላላል፣ ያወጣዋል። እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ መሬት ሲታለብና በምትኩ ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ ሲሰጥ ጥቁሩ ሆዱ ውስጥ ይቆያል፤ ቢጫው ተመልሶ ወደ ደሙ ይገባል።

ቀጥሎ ሲጠባ እዪ። «ይጠባል?» ብለሽ ጠይቀሽ «አዎ» ማለት አልበቃም፤ ቢያንስ አራት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። አፉ በሰፊው ተከፍቶ፣ አገጩ ጡቱን ነክቶ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ ከታች ይልቅ ከላይ በዝቶ መታየት አለበት። ዝግ ብሎ ጠለቅ እያደረገ፣ አረፍ እያለ፣ ሲውጥ እየተሰማ ይጠባል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጫጭ የሚል ድምፅ ካለ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው፤ ጡቷ የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። በትንሿ ጣቷ አፉን አላቃ እንደገና ታስይዘው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትንም ጨምሮ። ሦስተኛ ቀን ላይ ጡቷ ተወጥሮ ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ መጀመሪያ ሙቅ ጨርቅ፣ ከዚያ በእጅ ትንሽ ማለብ፣ ከዚያ ማስያዝ።

መግባቱን የምታውቂው በሚወጣው ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሽንት፣ ከአምስተኛ ስድስተኛው ቀን ጀምሮ ስድስትና ከዚያ በላይ። ካካው በዚህ ሰሞን ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ መዞር አለበት። ሚዛን ካለሽ መዝኚው። ሲወለድ 3,000 ግራም የነበረ ልጅ ከ2,700 በታች ከወረደ ከአሥር በመቶ በላይ ቀንሷልና ይላክ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት።

ጤነኛ ሙቀት በብብት ከ36.5 እስከ 37.4 ነው። 37.5 እና በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች፣ ሁለቱም የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ጨቅላ ሲታመም መቀዝቀዙን ሰው አያውቅም፤ ትኩሳት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ቴርሞሜትር ከሌለ የእግሩን መዳፍና ሆዱን ንኪ። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ሙቅ ከሆነ ብርድ ጀምሮታል፣ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ብሶበታል። 35.5 እና 36.4 መካከል ከሆነ ከእናቱ ደረት ቆዳ ለቆዳ አጣብቀሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኪ።

ከሰሉን አስወጪ። በዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ አራሷንም ልጁንም ተኝተው ይወስዳቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የባሕር ዳር ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው። ማሞቂያው ግን የእናት ደረት፣ ቆብ፣ ካልሲና ከላይ የሚደረብ ጋቢ ነው።

---

ሐይቅ_ዳር_ኤክስቴንሽን

እጅግ አመሰግናለሁ። የእትብቱ ነገር ቀረ። ጤና ጣቢያው እትብት ላይ የሚቀባውን የክሎርሄክሲዲን ቱቦ ይሰጣቸዋል፤ ቤት ሲደረስ ግን ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ይገኛል፣ ቅቤው ተቀብቷል። አንዳንዱ ቤት የዓይን ቅባቱም ቱቦ አጠገቡ አለ።

---

መድኃኒት_ቤት_ዳር

ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ነው የሚያስፈራው። ሁለቱ ቱቦዎች መጠናቸውም ቅርጻቸውም ይመሳሰላል። የእትብት ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይኑን ያቃጥላል፣ እስከ ዕውርነት ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ስሕተት የተጎዱ ጨቅላዎች ስለነበሩ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቴትራሳይክሊኑ የዓይን ቅባት እንደተወለደ ጤና ጣቢያ የሚቀባ የአንድ ጊዜ ነገር ነው፤ ቤት መምጣት የለበትም። ካገኘሽው ይዘሽው ተመለሺ። የእትብቱን ቱቦ ላይ በማርከር «ለእትብት ብቻ» ብለሽ ጻፊበት፤ ማንበብ ለማይችሉ እምብርት ያለው ሆድ ሣዪበት። በስሕተት ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ሕክምና።

አቀባቡ፦ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ከእትብቱ ጫፍ እስከ ሥሩና በዙሪያው ያለውን ቆዳ፣ በቀን አንዴ፣ ለ7 ቀን። ከዚያ ይድረቅ፤ በጨርቅ አይሸፈንም፣ ዳይፐሩ ከእትብቱ በታች ይታጠፋል። መቀባቱ የእትብቱን መውደቅ ትንሽ ሊያዘገየው እንደሚችል አስቀድመሽ ተናገሪ፤ አለበለዚያ በስምንተኛው ቀን «መድኃኒቱ አበላሸው» ተብሎ ቅቤው ይመለሳል። ጠብታ ደምና ቀላል ሽታ ምንም አይደለም። መግል፣ ወይም ቅላቱ ወደ ሆድ ቆዳ ከተስፋፋ ግን ይላካል። በእበት ወይም በአመድ የተነካ እትብት ካገኘሽ በንጹሕ ውኃና ሳሙና አጥበሽ አድርቀሽ ክሎርሄክሲዲኑን ጀምሪ፣ የእናቷንም የቴታነስ ክትባት ካርድ እዪ። መጀመሪያ ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ በሦስተኛው ቀንና ከዚያ በኋላ አፉን መክፈት ካቃተውና ሲነኩት ከተገተረ ቴታነስ ነው።

ከመድኃኒት ጋር እያለሁ፦ ለሕመሟ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ጡት ለምታጠባ ይሆናሉ። ትራማዶልና ኮዴን ያለበት አይሆንም፣ ልጁን ያስተኛዋል፣ ትንፋሹንም ያዳክማል። በሐይቁ ዳር ወባ አለና ከተያዘች ኮአርተም ትወስዳለች፤ ፕሪማኩዊን ግን ልጇ ስድስት ወር ሳይሞላው አይሰጣትም። አጎበሩ ሁለቱን አንድ ላይ ይሸፍን። የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒኗ እስከ ሦስት ወር ይቀጥላል፤ ከቡና ጋር ግን አይወሰድም፣ ቡናው ብረቱን ይይዘዋል። ዘጌ ላይ ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ክኒኑን ማታ ስትተኛ በያት።

ስለ እርግዝና መከላከያ ከጠየቀች በክንድ የሚቀበረው አሁንም ይቻላል። ሉፕ 48 ሰዓት ስላለፈ አራት ሳምንት ይጠበቃል። ተራው የድብልቅ ክኒን ስድስት ወር ሳይሞላ ለአጥቢ አይመከርም። «እያጠባሁ አላረግዝም» የሚለው የሚሠራው ጡት ብቻ ስትሰጥ፣ ወር አበባዋ ሳይመጣና ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም።

---

የልጅ_አባት

ይቅርታ፣ ባለሙያ አይደለሁም። ቢጫ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ አይበቃም እንዴ? እኛ አካባቢ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው።

---

ጨቅላ_ክፍል_ነርስ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መነሻውም ከንቱ አይደለም። ሆስፒታል ያለው ሰማያዊ መብራትና የፀሐይ ብርሃን ቢጫውን የሚሰብሩት በአንድ ዓይነት ጨረር ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። መብራቱ ሥር ልጁ ራቁቱን፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ቀንና ሌሊት ይቆያል፣ በየጊዜው ደሙ ይለካል። ፀሐይ ላይ ያንን ያህል ለማግኘት ራቁቱን ለረጅም ሰዓት ማዋል ይጠይቃል፤ ጠዋት ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ ረፋዱ ላይ ከሆነ ቆዳው ይቃጠላል። ጋቢ ተሸፍኖ አሥር ደቂቃ ደጅ ላይ መቀመጥ ለቢጫው ምንም አያደርግለትም። ጉዳቱ «እያሞቅነው ነው» እየተባለ ሁለት ቀን መጥፋቱ ነው። ፊቱና ደረቱ ላይ ብቻ ሆኖ ደህና እየጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ማጥባትና በማግስቱ እንደገና በብርሃን ማየት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ በፀሐይ አይያዝም።

---

ቀበሌ_ሱፐርቫይዘር

ሕክምናውን ባለሙያዎቹ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ አገባቡ ልበል፣ በሩ ካልተከፈተ ይህ ሁሉ አይሠራምና።

ቀድመሽ «እንኳን ማርያም ማረቻት» በይ፤ ለአያቲቱ ወይም ለአማቲቱ ነው የምትናገሪው። እጅሽን እዚያው ፊታቸው ታጠቢ። ልጁን የሚይዙ ሁሉ መታጠብ እንዳለባቸው በመንገር ፋንታ ማሳየት ይሻላል። መስኮት ለመክፈት «የቡዳ ዓይን» የሚል ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ «እማማ፣ ጠያቂዎቹ ለአሥር ደቂቃ ይውጡልኝና መስኮቱን ልክፈት፣ የልጁን ቀለም ልይ» ማለት ይበቃል። ጠያቂው ሲወጣ እናቷም ስለ ደሟ በነፃነት ታወራለች። ምን ያህል እንዳዘነች፣ እንቅልፍ እንዳጣች፣ ልጁን ለማየት እንደከበዳት የምትነግርሽም ያኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ ያጋጥማል፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ከተናገረች፣ ሕክምና ያስፈልጋታል።

ቅቤውን «ጣሉት» ካልሽ ተሸነፍሽ። ቦታውን ቀይሪለት። «ቅቤው የእናቲቱ ገንፎ ላይ ይሁን፣ ልጁ ከጡቷ ያገኘዋል» በያቸው። ልጁ አፍ ውስጥ የሚገባ ቅቤ ትን ብሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ መጨመሩም እንዲሁ ይቅር። ለአራሷ አጥሚቱም እንቁላሉም ጥሩ ነው፤ ከተለመደው አንድ ሁለት ጊዜ ጨምራ ትብላ። የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ በደንብ በስሎ፣ ጎመንና ምስርም ይግቡበት። ገንፎ ብቻ ሲበዛ ሆድ ይደርቃል፣ ስፌት ላላት ያ ቅጣት ነው። ልጁ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀትም ቢሆን ጠብታ ውኃ አያስፈልገውም፤ ጤና አዳምም፣ አብሽም አይሰጠው።

ሁለት ነገር በሦስተኛው ቀን ተናገሪ፣ በሰባተኛው ቀን ይዘገያልና። አንደኛው ሴት ልጅ ከሆነች ግርዛት ነው። እዚህ አገር በተለምዶ የሚደረገው በሰባት በስምንት ቀን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይቀጣበታል። ሁለተኛው እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት። ልጁ ወደፊት ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው የሚታሰበው እሱ ስለሆነ፣ ያኔ ወዴት መምጣት እንዳለባቸው ዛሬ ይወቁ።

ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ ካልተሰጠ ለቀጣዩ ክትባት ቀን ቀጠሮ ያዢ። ቢሲጂው ከሳምንታት በኋላ ቆስሎ በራሱ ይድናል፤ ምንም እንዳይቀቡበት ንገሪያቸው። ቤት የተወለደ ልጅ ከሆነ ቫይታሚን ኬ አልተወጋም ማለት ነውና ደም ከእትብቱ ወይም ከካካው ካየሽ ቶሎ ይላክ።

---

ሐይቅ_ዳር_ኤክስቴንሽን

አንድ ብቻ ልጨምር። ልጁ መላክ አለበት ተባለ እንበል፤ ጊዜው ከሰዓት ነው፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ መጓጓዣው ጀልባ ነው። እስኪደርስ ምን ይደረግለት?

---

ጨቅላ_ክፍል_ነርስ

ከመነሣትሽ በፊት ሦስት ነገር። አንደኛ፣ መጥባት የሚችል ከሆነ ይጥባ፤ መጥባት አቅቶት መዋጥ ከቻለ ታልቦ በንጹሕ ሲኒ ይሰጠው። ራሱን ከሳተ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ በአፉ ምንም አይገባም። ሁለተኛ፣ የከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ከሆነ የመጀመሪያውን የአሞክሲሲሊንና የጀንታማይሲን መጠን በክብደቱ እንደ መመሪያሽ ስጪ፣ በአፍ የሚሰጠውን መዋጥ ከቻለ ብቻ። የሰጠሽበትን ሰዓት ጻፊ። ሦስተኛ፣ ባሕር ዳር ላሉት ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን፣ የምትልኪው ስልክ ተደውሎ ነው፤ የጨቅላ ክፍሉ ቦታ እንዳለው ሳታውቂ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ያንን ሁሉ ማሞቅ ያበላሸዋል።

ጀልባው ላይ ልጁ ዳይፐር፣ ቆብና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይጣበቅ፤ ጉንጩ ደረቷ ላይ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው። አገጩ ወደ ደረቱ እንዳይቀበር ተመልከቺ፣ መተንፈሻው ይዘጋል። በነጠላ ከጆሮው ሥር እስከ መቀመጫው ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ጋቢ ይደረብ፤ ፊቱ ግን ይታይ። እናቲቱ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ትቀመጥ። እሷ ራሷ ታማ ከሆነ አባትየው ወይም አያቲቱ ደረት ላይ እንዲሁ ይታሰራል። እናትና ልጅ ግን አይለያዩም፤ አንዱ ሲላክ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ የተወለደበትን ሰዓት፣ ክብደቱን፣ መጨረሻ የጠባበትን ሰዓት፣ ምልክቱን ያየሽበትን ሰዓትና የእናቲቱን የደም ዓይነት ከታወቀ ጻፊ። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው እነዚህን ነው።